የማን ደም ነው?

ቱኒስ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2001

ለሲዲ ዳው፣

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። እንዴት ነህ? መብሩካ እንዴት ናት? ሻድሊያስ? ግመሎቹስ? ግመሎቹን አራተኛ ላይ ስላመጣኋቸው እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። ከእነሱ ብጀምር ደግሞ ሚስትህ ትቀየማለች፤ ምን ልሁን?

«ይሄ ሁሉ መርፌ ለምንድን ነው? ግመሏን ልታሳብጂብኝ ነው ወይ?» ላልከኝ፣ ስልክ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማኝ ማስረዳት ስላቃተኝ እዚህ ልሞክር። ባለፈው በጋ ሻድሊያን ጊንጥ ሲነድፋት ያዳናት መድኃኒት ከፈረስ ደም የተሠራ ነው። ፈረሱን መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ያለማምዱታል። ደሙ መርዙን መያዝ ይማራል። የተማረውን ለሰው ይሰጡታል። ጥሩ ነገር ነው፤ ስንቱን አድኗል። የልጅህ ሰውነት ግን ፈረሱን ራሱን ጠላት አድርጎ ቆጠረው። በዘጠነኛው ቀን ፊቷ ምን እንደሆነ ያየኸው አንተ ነህ። ሐኪሙም «ሁለተኛ የፈረስ መድኃኒት ከገባባት ትንፋሿ ይዘጋል» ብሏል። አሁን በጋው ይመጣል፣ ጊንጡም ይመጣል፣ እኛ ግን ባዶ እጃችንን ነን። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

የግመል ነገር ሌላ ነው። በደሟ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ከፈረስም ከእኛም ያነሱ ናቸው፤ ግማሻቸው የጎደለ ነው የሚመስሉት። ትንሽ ስለሆኑ መርዙን የተደበቀበት ድረስ ይከተሉታል፣ የሰው ሰውነትም ብዙ አይቆጣቸውም። ደሙን ለሻድሊያ ልሰጣት እንዳይመስልህ! ከደሙ ውስጥ ወታደሩ የሚሠራበትን ትእዛዝ፣ ዘረ መሉን ማለቴ ነው፣ እቀዳና ባክቴሪያ ውስጥ እከተዋለሁ። ባክቴሪያዋ እንደታዘዘችው ስታመርት ትውላለች። ፈረስም አያስፈልግ፣ ግመልም አያስፈልግ።

ግመልህ ዘርጋ አምስቱንም የመርዝ መርፌ ጨርሳለች። አሁን የቀረኝ ደሟ ብቻ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ሲ አምር ለበጎች ክትባት ወደ ተራራው ስለሚወጣ፣ ባስተማረህ መሠረት አንተው ቅዳልኝ። ሁለት ሳምንት እንዳታሳልፍብኝ። የበረዶ ሣጥኑን ለባሺር ስጠው፤ በታክሲው ያደርስልኛል።

እህትህ ሐስና


ዱዝ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2001

ለእህቴ ለዶክቶሪቷ፣

ወአለይኩም ሰላም። ግመሎቹ አራተኛ መባላቸውን ሰምተው ተቀይመዋል። ሽማግሌ ሆኜ ያስታረቅኩልሽ እኔ ነኝ፤ ውለታዬን አትርሺ።

ዘርጋ ወለደች! ሴት ናት። እግሯ ረጅም፣ ጆሮዋ ትንሽ፤ ማሻአላህ በይ። ይህን የምነግርሽ ደስ እንዲልሽ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። እናታችን ነፍሷን ይማርና «አራስ ግመል አርባ ቀን ብረት አይንካት፣ ወተቷ ይሸሻል» ትል አልነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ደሙ ሣጥኑ ውስጥ አለልሽ፤ ሁለት ጠርሙስ ሙሉ። ታግላ እንደሆን ትጠይቂኝ ይሆናል። ምንም አልታገለች። ስሟን ጻፍበት ብለሽ ነበር፣ ጽፌበታለሁ። ለነገሩ ይሄ ነገር መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል አይደል? ባሺር ጋፍሳ ላይ ሻይ ሳይጠጣ አያልፍም፣ ያውም ሁለት ብርጭቆ። ከተበላሸ እሱን ነው የምትይዢው።

ሻድሊያ ለአክስቴ ስጡልኝ ብላ ቴምር ልካለች። ፍሬውን መርጣ ነው፤ ትል ካገኘሽበት ዝም ብለሽ ብዪ።

ወንድምሽ ዳው


ቱኒስ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2001

ለሲዲ ዳው፣

ለዒድ ባለመምጣቴ ይቅር በለኝ። «አኩርፋ ነው ወይ?» ብለሃል አሉ። ወላሂ አላኮረፍኩም። የማኮርፍበት ጊዜስ የት አለኝና!

እውነቱን ልንገርህ፤ አልሆነም። ደሙ መርዙን አያውቀውም። ከዚያ ደም ያወጣሁትን በሚሊዮን የሚቆጠር ትእዛዝ መርዙ ላይ ሞከርኩ። አንዱ እንኳ አይነካውም፤ ሁሉም እንደማያውቁት ሰው አጠገቡ ያልፋሉ። መጀመሪያ እጄን ጠረጠርኩ። ከዚያ መርዙን፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን። አንድ ሳምንት ሙሉ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ስጠረጥር ከርሜ ትናንት ይቅርታ ጠየቅኳት። ቁጭ ብዬ አልበላም፣ ቆሜ አልረጋም። ፕሮፌሰራችን «ግመልሽ ሰነፍ ተማሪ ናት» ብሎ ይቀልዳል። ቀልዱ ግን እያጠረ ነው፤ በሜይ መጨረሻ ጠረጴዛዬን ለሌላ ሰው ሊሰጠው ነው።

አንተ ደግሞ ሦስት ጊዜ «መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆን?» እያልክ መልእክት ልከህብኛል። አልተበላሸም። በረዶው እንኳ አልቀለጠም ነበር። ለምን ደጋግመህ ትጠይቀኛለህ?

ሐስና


ዱዝ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2001

ለሐስና፣

እኛ ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ። ሙቀቱ ዘንድሮ ቸኩሏል። ጎረቤታችን ባለፈው ማክሰኞ ከማገዶው ሥር ሁለት ጊንጥ ገደለ፣ ቢጫዎቹን። መብሩካ የሻድሊያን አልጋ አራት እግር አራት የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ አቁማ ውኃ ሞልታባቸዋለች። ልጂቱ ለሽንት ስትወርድ እንኳ «አባ! አባ!» ብላ እኔን ትጠራለች፤ ወለሉን በባትሪ ሳላይላት እግሯን አታወርድም። በዘጠኝ ዓመቷ እንደ አሮጊት ጠርጣራ ሆነች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብን ነው።

በጋውን እኔ ጋ ትክረም ብለሽ በስልክ ያልሽኝ ጥሩ ሐሳብ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋና እልካታለሁ።

ስለ ሥራሽ አዝኛለሁ። በጣም አዝኛለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ነገሩን ለማወቅ ያህል ነው። ሁለት ግመሎች ከአንድ እናትና ከአንድ አባት ከመጡ ደማቸው አንድ አይደለም ወይ?

ዳው


ቱኒስ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2001

ሲዲ ዳው፣

የላክልኝ የማን ደም ነው?

ሐስና


ዱዝ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 2001

ሐስና፣

የሐምራ ነው።

ይቺን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ዘርጋ በወለደች በአራተኛው ቀን መርፌውንና ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ። ግልገሏ ጡቷ ላይ ነበረች። ዘርጋ አንገቷን አዙራ አየችኝ፣ እጄ እንቢ አለኝ። መሳቅ ከፈለግሽ ሳቂ። የዘርጋ አያት በወለደች በአሥረኛው ቀን አባታችን ለእግሯ ሕመም ብሎ ደም አፈሰሰላት። ወተቷ ነጠፈ፣ ግልገሏም በረሃብ ሞተች። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ግልገሏን የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናታችን የአርባ ቀኑን ነገር ያወጣችው ከዚያ ወዲህ ነው። አንቺ ወግ ነው ትያለሽ፤ እኔ አፈሩን በእጄ ነው የመለስኩት።

እህቷ ሐምራ አጠገቤ ቆማ ነበር። የሚለያያቸው አንድ ዓመት ነው። «ደም ደም ነው» አልኩና ከሷ ቀዳሁ። የዘርጋን ስም ጻፍኩበት።

ክፋት አልነበረኝም። አንቺ «ግመሏ ትማራለች» ስትዪኝ እኔ ዘሩ ይማራል ማለት መስሎኝ ነው። እኛ ዘንድ ግመል ስትገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው እናቷ ማን ናት ነው። አንዷ የጉድጓዱን መንገድ ካወቀች ልጆቿም እህቶቿም ያውቁታል ይባላል፤ ሲያውቁትም አይቻለሁ። ታዲያ መርዙን አይወቁት?

አልሆነም ብለሽ ስትጽፊልኝ ግን ገብቶኝ ነበር። ልቤ ነግሮኝ ነበር። አፈርኩ። አንቺ እዚያ የሰው ልጅ እየጠረጠርሽ፣ እኔ እዚህ ስለ ባሺር ሻይ አወራ ነበር። 

ዳው


ቱኒስ፣ ሜይ 3 ቀን 2001

ዳው፣

ዛሬ «ሲዲ» ብዬ አላከብርህም።

ሁለት ወር ተኩል! ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ግመል ፈተና ላይ አስቀምጬ «ለምን አልመለስሽም?» እያልኩ ሁለት ወር ተኩል! ሣጥኑ ሲደርስ ጠርሙሱን ስሜው ነበር፤ ይሄንንም እወቀው። ስላላወቅክ አይደለም የተናደድኩት። ባታውቅ ጠይቀኝ። ከደሙ ጋር «እጄ እንቢ አለኝ» የምትል አንዲት መስመር ብትልክልኝ አርባዋ እስኪወጣ እጠብቅህ ነበር። ስለ ቀበርካት ግልገል ማን ነግሮኝ ያውቃል? ማንም!

ስለ ዘሩ ለጠየቅከኝ መልሱ ይሄ ነው። የተማሩት የሚወረስ ቢሆን ሻድሊያ ያንተ ልጅ አይደለችም እንዴ? አንተ ስንት ጊዜ ተነድፈሃል፣ ሰባት? ስምንት? የዓይኗ ቅርጽ ይወረሳል፣ እልኋም ያንተ ነው። መርዙን ማወቅ ግን አይወረስም። እያንዳንዱ ሰውነት በራሱ ላይ ደርሶበት ነው የሚማረው። ይሄ ባይሆን ኖሮ እኔም እዚህ ምን እሠራለሁ?

ለፕሮፌሰሩ እውነቱን ነገርኩት። መጀመሪያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ መነጽሩን ጠረገና እስከ ጁላይ መጨረሻ ሰጠኝ።

የዘርጋ አርባ ካለፈ ቆይቷል። ሲ አምር ተመልሷል፤ አንድ ተጨማሪ መርፌ ይወጋታል፣ በአምስተኛው ቀን ይቀዳታል። የሚቀዳት እሱ ነው፤ አንተ ገመዱን ብቻ ያዝ። ከእንግዲህ ደግሞ ክፉም ቢሆን፣ ቢያሳፍርህም፣ ያለውን እንዳለ ንገረኝ። ይሄን ቃል ግባልኝ።

ሐስና


ቱኒስ፣ ጁላይ 9 ቀን 2001

ለሲዲ ዳው፣

ወንድሜ! ያዘ! ያዘ ስልህ! ከዘርጋ ደም ያወጣናቸው ሦስት ወታደሮች መርዙን ጭምድድ አድርገው ያዙት። ባክቴሪያዋም እሺ ብላ ታመርታለች። መርዝ ወግተን መድኃኒቱን ከሰጠናቸው አሥራ ሁለት አይጦች አሥራ አንዱ ተነሥተው ይበላሉ። ደረጃው ላይ ስሮጥ ጫማዬ ወልቆ በአንድ እግሬ ነው ቢሮው የገባሁት። ፕሮፌሰሩ «ተማሪዋ አለፈች» አለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ደብዳቤህን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። «አንዲት ጠርሙስ ላኪልኝ፣ ቤት ትቀመጥ፣ ለክፉ ቀን» ብለሃል። አልልክም። ሲዲ ዳው፣ አትቆጣ፣ ስማኝ። አይጥ ሰው አይደለም። ያመረተችው ባክቴሪያ ናት፣ የራሷ ቆሻሻ አብሯት አለ፤ ምን ያህሉን እንዳጠራሁት ገና አላወቅኩም። ሰው ላይ ለመድረስ ዓመታት ይቀሩታል። ሊያድናት ይችላል፣ ሊገድላትም ይችላል። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ በሻድሊያ ላይ አልፈርድም።

ለምን እስካሁን አልላክሃትም? ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው ትለኛለህ። ሰርጉ ያለ ሻድሊያ ይሰረግ! እሑድ ከባሺር ጋር አሳፍራት። እለምንሃለሁ።

ሐስና


ዱዝ፣ ጁላይ 30 ቀን 2001

ለሐስና፣

ሻድሊያ ትበላለች ወይ ብለሻል፤ ትበላለች። ትራመዳለች ወይ ብለሻል፤ እስከ በሩ ድረስ። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

ስለ ሰርጉ አትንገሪኝ። ለሰርጉ ብዬ አቆየኋት፣ እሑድ ልልካት ስል ቅዳሜ ጊንጥ ነደፋት። ይሄንን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ ራሴን ስበላ ነው የምውለው።

ሌላውን ግን ልንገርሽ፤ እንዳለ ንገረኝ ብለሽ ቃል አስገብተሽኝ የለ። ሌሊቱን ደውዬልሽ በማግስቱ ጠዋት በባሺር ታክሲ ደርሰሽ፣ አልልክም ያልሽውን ጠርሙስ በበረዶ ይዘሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ሳይሽ እጅሽን ስሜያለሁ፤ ታላቅሽ ሆኜ። ልጄ ውስጥ አረፋ እየደፈቀች ነበር። ሐኪሙ ጠርሙሱን አይቶ አንድ ነገር ጠየቀሽ። «ለሰው ተሰጥቶ ያውቃል?» አለ። አንዲት ቃል ነበር የሚፈልገው። አዎ ብትዪው ይሰጣት ነበር፤ ዓይኑ ላይ አይቼዋለሁ። አንቺ ግን እያለቀስሽ «አያውቅም» አልሽው። እሱም ጠርሙሱን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ገባ። በልብ መድኃኒትና በግሉኮስ ሁለት ቀን ከሞት ጋር ሲታገልላት ቆየ፤ አላህ ይስጠው፣ ተረፈች። ባትተርፍስ? ባትተርፍ ኖሮ ያንቺ እውነት ምን ይሠራልኛል?

እዚያ ኮሪደር ላይ ያልኩሽን አልደግመውም። ግን አልመልሰውም። ከእኔ ይልቅ ሐኪሙን መረጥሽ። ለጊዜው አትምጪ፣ አትጻፊ። ጠርሙሱን አሸዋ ላይ ደፍቼዋለሁ፤ አትፈልጊው።

ዳው


ቱኒስ፣ ኦገስት 27 ቀን 2001

ለሲዲ ዳው፣

አትጻፊ ብለኸኛል። እየጻፍኩ ነው፤ ከፈለግህ ሳትከፍት ቅደደው። አይ፣ አትቅደደው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያንን ጠርሙስ ሳላስፈቅድ ማውጣቴን ለፕሮፌሰሩ ተናግሬያለሁ። ምን እንዳለኝ መብሩካ ንገሪኝ ብላ ጠይቃኛለች፤ እሱ ይቅር፣ ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ይብቃ። ከዚያው ምርት የቀረውን በዚህ ሳምንት ጥንቸሎች ላይ ሞከርነው። አይጥ የባክቴሪያን ቆሻሻ ይችላል፤ ጥንቸልና ሰው አይችሉም። ሦስት ጥንቸሎች ነበሩ። በመጀመሪያው ሰዓት ትኩሳት ያዛቸው፣ ማታ ሳይደርስ ሦስቱም ሞቱ። መርዝ አልነበረባቸውም፣ ሲዲ ዳው። ደህና ጥንቸሎች ነበሩ። የገደላቸው የኔ መድኃኒት ነው።

ወታደሮቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ቆሻሻውን ነው ማጥራት ያቃተኝ። ማጥራት ይቻላል፣ ጀምሬዋለሁ። ግን ያቺ ጠርሙስ ሻድሊያ ውስጥ ገብታ ቢሆን ኖሮ . . . ይሄን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ደፍቼዋለሁ ብለህ ጽፈሃል። እኔ ደግሞ ከፌብሩዋሪው ጠርሙስ ወዲህ አንተ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ ነው የማነበው። እውነት ደፍተኸዋል?

እህትህ ሐስና


ዱዝ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2001

ለእህቴ ለሐስና፣

አልደፋሁትም።

ከአግዳሚው ላይ አንስቼ በኪሴ ከተትኩት። ዱዝ ስንመለስ ለባለ ሱቁ ለሀብሩክ ሰጠሁት፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከለስላሳ መጠጦቹ ጀርባ አስቀመጠልኝ። «የግመል መድኃኒት ነው፣ ማንም እንዳይነካው» አልኩት። መርፌም ገዝቼ ነበር። ሲ አምር ስንት እንደሚወጋ፣ የት እንደሚወጋ፣ ለግመሎቹ እንደሆነ አስመስዬ ጠይቄዋለሁ። ዳግመኛ ጊንጥ ቢነካት ወደ ሆስፒታልም አልወስዳት፣ አንቺንም አልጠራሽ፣ ራሴ ልወጋት ነበር። በኦገስት አንድ ቀን ሻድሊያ ለስፌት የሚሆን አክርማ ስትሰበስብ ጮኸች። ሱቁ ድረስ እየሮጥኩ ሄጄ ጠርሙሱን በእጄ ይዤ ተመለስኩ። እሾህ ነበር። እሾህ ነው የወጋት፣ ሐስና።

ደብዳቤሽን ግመሎቹ ውኃ ላይ ቆመው ሳለ ነው ያነበብኩት።  ሀብሩክ ጋ ሄጄ ጠርሙሱን አወጣሁ። ቤት አምጥቼ መብሩካና ሻድሊያ እያዩኝ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት፣ ጠርሙሱንም ሰበርኩት። መብሩካን ጠይቂያት፤ በእኔ ቃል ብቻ እመኚ አልልሽም። ሚስቴ ነገሩ ሲገባት ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ደግ አደረገች።

ሻድሊያ ግን ጠየቀችኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ይሄን ብትወጋኝ እሞት ነበር?» አለች።

አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

«ሆስፒታልም ቢሰጡኝ እሞት ነበር?»

አዎ።

«እንዳይሰጡኝ ያደረገችው አክስቴ ናት?»

አዎ፣ እሷ ናት።

 ከዚያ «ታዲያ ለምንድን ነው ያባረርካት?» አለችኝ።

 ነይና አንቺ መልሺላት። እኔንም ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ ዳው